ማላ ዩድሃ፦ አራቱ የትግል ስሞች እና የአካራው አፈር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ድምዳሜም ይዞ ነው የመጣው። ጥንታዊው የህንድ ትግል ማላ ዩድሃ አራት ስልት አለው ይላል፦ በጉልበት የሚጥለው ቢማሴኒ፣ በብልሃት የሚያሸንፈው ሀኑማንቲ፣ ይዞና ቆልፎ እጅ የሚያሰጠው ጃምቡቫንቲ፣ አጥንት የሚሰብረው ጃራሳንዲ። እነዚህ ለየብቻቸው መምህርና ተማሪ የነበራቸው አራት ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬ በህንድና በፓኪስታን የምናየው ኩሽቲ የተባለው ትግል የቢማሴኒ ቅሪት ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ያጠፋቸው ከፋርስ የገባው ትግል ነው ሲል ይደመድማል። ቀጥሎ ይጠይቃል፦ ከአራቱ የቱ ይበልጣል? ዛሬ መጀመር የሚፈልግ ሰውስ የቱን ይማር?

ምላሾቹ 24 ደርሰዋል። በተራቸው አልፍባቸዋለሁ፤ ቁም ነገር ያለበት ላይ ግን ቆም እላለሁ፤ በዚህ ርዕስ ላይ ይህን ያህል ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ ማግኘት ብርቅ ነውና። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1፦ ጠያቂውን በአክብሮት አመስግኖ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ያስረዳል። ቢማ ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የህንድ የጀግንነት ግጥም ውስጥ ከአምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች ሁለተኛው፣ በጉልበቱ የታወቀው ነው። ሀኑማን የንፋስ አምላክ ልጅና ራማ የተባለው አምላክ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ እስከ ዛሬም ታጋዮች ከልምምድ በፊት የሚሳለሙት ምስል የእሱ ነው። ጃምባቫን የድቦች ንጉሥ ነው፤ ስያማንታካ በተባለ ዕንቁ የተነሳ ክሪሽና ከተባለው አምላክ ጋር ለ28 ቀናት እንደታገለ ይተረካል። ጃራሳንዳ ማጋዳ የተባለው ጥንታዊ መንግሥት ንጉሥ ነው፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ ተወልዶ ጃራ የተባለች ጋኔን ግማሾቹን ስትገጥማቸው ሕይወት እንደዘራ ይነገርለታል።

ምላሽ 2፦ በዚህ ይስማማና የጠያቂውን መነሻ ያርማል። አራቱ ስሞች አራት ትምህርት ቤቶች ሳይሆኑ ግጥሚያ የሚያልቅባቸው አራት መንገዶች ናቸው ባይ ነው። ተጋጣሚህን ከመሬት አንስተህ በጉልበት ከጣልከው ቢማሴኒ ነው። የእሱን ግፊት ተጠቅመህ ካዞርከው ሀኑማንቲ ነው። መሬት ላይ ክንዱን ወይም አንገቱን ይዘህ እንዳይላወስ ካደረግከው ጃምቡቫንቲ ነው። አንድ ታጋይ በአንድ ግጥሚያ ሦስቱንም ሊያልፍባቸው ይችላል። አራተኛው፣ መገጣጠሚያ መስበር፣ የጦር ሜዳ ጉዳይ ነው፤ ነገ ተመልሶ ከሚመጣ የልምምድ ጓደኛ ጋር አይሠራም። እኔም ከዚህ አቋም ጋር ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ምላሽ ይመለሳል።

ምላሽ 3፦ ሁለት መስመር ናት። ቢማ ጃራሳንዳን ለሁለት ሰንጥቆ ገድሎታል፤ ስለዚህ ቢማሴኒ ይበልጣል፣ አለቀ።

ምላሽ 4፦ ድምፁ እዚህ ይከራል። ተረት ማስረጃ አይሆንም፤ ይሁን ከተባለም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይነበብ ይላል። በማሃባራታ ሁለቱ ትግሉን የጀመሩት በካርቲካ ወር የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሳይበሉ እስከ 13ኛው ቀን ተያይዘው ቆዩ፤ ጃራሳንዳ የዛለው በ14ኛው ሌሊት ነው። በሕዝቡ ዘንድ በሚነገረው ትረካ ደግሞ ቢማ ሰንጥቆ በጣለው ቁጥር ግማሾቹ ተመልሰው ይገጥማሉ። ክሪሽና አንድ ጭራሮ ሰንጥቆ ግማሾቹን አቀያይሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወረውራቸው ነው ቢማ የገባው። እንግዲህ ጉልበት ብቻውን 13 ቀን ሙሉ ምን አመጣ ብሎ የ3ኛውን ጸሐፊ ያፋጥጠዋል። አነጋገሩ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው።

ምላሽ 5፦ ወደ ጽሑፍ ማስረጃ ይመልሰናል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራብ ቻሉክያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሦስተኛው ሶሜሽቫራ ያዘጋጀው ማናሶላሳ የተባለ የሳንስክሪት መጽሐፍ ከነገሥታት መዝናኛዎች አንዱ አድርጎ የታጋዮችን ግጥሚያ ይዘረዝራል። ታጋዮቹን የሚመድበው በዕድሜ፣ በግዝፈትና በጉልበት ነው፦ የላይኛው ጄሽቲካ፣ መካከለኛው አንታር ጄሽቲካ፣ የታችኛው ጎቫላ። ሁለተኛው ምንጭ ማላ ፑራና ነው፤ በጉጃራት በሞዴራ አካባቢ ከነበሩ ጄሽቲማላ ከተባሉ የብራህሚን (የካህናት ወገን) ታጋዮች ጋር የተያያዘ ነው። የታጋይ ዓይነቶችን፣ ልምምዱን፣ የትግል ጉድጓዱን አዘገጃጀት፣ በየወቅቱ የሚበላውን ምግብ ሳይቀር ይዘረዝራል። የ5ኛው ጸሐፊ ጠቃሚ ነገር ጨምሯል፦ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ከስልት ስም ይልቅ የሚጨነቁት ለአካል፣ ለምግብና ለአፈር ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ምላሽ 6፦ በ1520 አካባቢ በደቡብ ህንድ የነበረውን የቪጃያናጋራ መንግሥት የጎበኘው ፖርቱጋላዊ ዶሚንጎ ፓኤስ ስለ ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ የጻፈውን ያስታውሳል። ንጉሡ ጎህ ሳይቀድ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚያንስ የሰሊጥ ዘይት ይጠጣል፤ በዚያው ዘይት ሰውነቱን ይታሻል፤ ከወገቡ በታች ትንሽ ጨርቅ አገልድሞ ከሸክላ የተሠሩ ከባድ ክብደቶችን ያነሳል፤ ሰይፍ ይወዘውዛል። ዘይቱ በላብ እስኪወጣለት ከሠራ በኋላ ከታጋዮቹ ከአንዱ ጋር ይታገላል፤ ቀጥሎ ፈረስ ይጋልባል።

ምላሽ 7፦ ያ ትግል ቡጢም ነበረበት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ጥሩ ነው።

ምላሽ 8፦ አዎ ይልና ሁለት ነገር ይለያል። ፈርናኦ ኑኔስ የተባለው ሌላው ፖርቱጋላዊ የቪጃያናጋራ ታጋዮች ጥርስ እስኪረግፍና ዓይን እስኪጠፋ እንደሚማቱ ጽፏል፤ ስለዚህ ምት በዘመኑ የነበረ ነገር ነው። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ እስከ ዛሬ የቀረው ግን ቫጅራ ሙሽቲ ነው። በማይሶር በዳሳራ በዓል የጄቲ ወገን ታጋዮች ራሳቸውን ተላጭተው፣ አናት ላይ ቁንጮ ብቻ ትተው፣ በጣቶቻቸው ላይ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ሾጣጣ መምቻ አጥልቀው ይጋጠማሉ። ከአንዱ ራስ ደም ሲወጣ ግጥሚያው ወዲያው ይቆማል። ራስ የሚላጨውም ለዚሁ ነው፤ ጭረቱና ደሙ ቶሎ እንዲታይ። ለዳኛው ትልቁ ሥራ ደሙን በዓይን ቀድሞ ማየትና ሁለተኛ ምት ሳይሰነዘር መሃል መግባት ነው።

ምላሽ 9፦ የጠያቂውን የፋርስ ክስ በለሰለሰ አነጋገር ያርማል። በ1526 ባቡር የተባለው የሙጋል መንግሥት መሥራች ዴልሂን ከያዘ በኋላ የመካከለኛው እስያና የፋርስ ትግል ከአገሬው ጋር ተቀላቅሏል፤ ይህ እውነት ነው። ግን መቀላቀል እንጂ ማጥፋት አይባልም። የሂንዱ ማሰልጠኛው ሀኑማንን ይዞ ቀጠለ፤ የሙስሊም ማሰልጠኛው መምህሩን ኡስታድ ወይም ኸሊፋ እያለ ቀጠለ፤ የሁለቱ አፈርና አጣጣል ግን አንድ ነው። መያዣና መቆለፍም አልጠፋም፤ የዛሬ ታጋይ ተጋጣሚውን መሬት ላይ ሲያገላብጥ የሚሠራው ያንኑ ነው።

ምላሽ 10፦ ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው አካራ፣ ማለትም የታጋዮቹ ማሰልጠኛ ግቢ፣ በአፈሩ ነው የሚታወቀው ይላል። አፈሩ መጀመሪያ ይነፋል፤ ጠጠር፣ ሥር፣ ስባሪ ሁሉ ይወጣል፤ አንዲት ጠጠር ከቀረች ጉልበት ወይም ጀርባ ትበሳለች። ቀጥሎ የሰናፍጭ ዘይት፣ አሬራ፣ እርድና ቀይ አፈር ይጨመርበታል፤ በብዙ ቦታ የኒም ቅጠልም ይገባበታል፤ አቅም ያለው አካራ የተነጠረ ቅቤ ያክልበታል። ዘይቱና አሬራው አፈሩን ያያይዙታል፣ አቧራ እንዳይሆን ይጠብቁታል፤ እርዱና ኒሙ ቁስል እንዳይመረቅዝ ይከላከላሉ ተብሎ ይታመናል። ውሃ በየሦስት ቀኑ ያህል ይረጫል።

ከልምምድ በፊት ወጣቶቹ ጉድጓዱን ከጥግ እስከ ጥግ በዶማ ይቆፍሩታል። ይህን ሥራ ጌታ ለሎሌ የሚሰጠው ጉልበት አድርጎ የሚያይ ይሳሳታል፤ ለመያዝና ለመሳብ የሚያስፈልገው ወገብና ክንድ የሚሠራው እዚህ ነው። ከዚያ ሰፊ ሳንቃ በገመድ ይጎተትበታል፤ አንድ ሰው ሳንቃው ላይ ቆሞ ክብደት ይሆናል፤ ሌላው ይጎትታል። አፈሩ ደህና መሆኑን ለማወቅ ጭብጥ አድርጎ መጭመቅ ይበቃል፦ እጅ ሲከፈት ቅርጹን ከያዘ፣ ሲነኩት ደግሞ ከተፈረፈረ ተስተካክሏል። ካልያዘ ውሃ ይፈልጋል፤ እንደ ጭቃ መዳፍ ላይ ከቀረ በዝቶበታል፣ አንድ ቀን ይተው።

ምላሽ 11፦ ስህተቱ የሚያስከትለውን ይዘረዝራል። አፈሩ ከደረቀ አቧራው ዓይንና ሳንባ ይገባል፣ ከታች ያለው ንብርም ይጠጥራል፤ ከትከሻ በላይ የተጣለ ሰው ትከሻውን ይሰብራል። ከረጠበ እግር ይይዛል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ባለበት ይቀራል፤ ያኔ የሚጎዳው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። ጉድጓዱ ላዩ ብቻ ተቆፍሮ ከስሩ ከተተወ ደግሞ ከላይ ለስላሳ መስሎ ሰውን ያታልላል፤ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው ይላል።

ምላሽ 12፦ ታጋዮች በግጥሚያ መሃል አፈር እየዘገኑ አንዱ የሌላውን ጀርባና አንገት የሚያሹት ላብ ስለሚያሙለጨልጭ መሆኑን ያክላል። አፈር ያልነካ ሰውነት አይያዝም። ተጋጣሚህ አፈር ሊያሸህ ሲመጣ መሸሽ ነውር ነው።

ምላሽ 13፦ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ ወተትና ቅቤ አፈር ላይ ማፍሰስ ብክነት ነው፣ በዚህ ዘመን ማን እንዲህ ያደርጋል የሚል ነው። ክሩ ላይ ያለ አክብሮት የተጻፈው ይኸኛው ብቻ ነው።

ምላሽ 14፦ አልተቆጣም፤ በዝርዝር መልሷል። አዎ፣ ጭርት በአካራ የሚታወቅ ችግር ነው፤ መተላለፊያው ግን በአብዛኛው ቆዳ ከቆዳ መነካካቱ ነው፤ ምንጣፍ ላይ የሚታገሉም ይይዛቸዋል። የተከፈተ ቁስል ያለው ሰው ጉድጓድ አይገባም። ከትግል በኋላ አፈሩ ሰውነት ላይ ደርቆ ይራገፋል፣ ከዚያ መታጠብ ግዴታ ነው። ላንጎት የሚባለው ጥብቅ ማገልደሚያ በየቀኑ ይታጠባል። ጆሮው ተጨማልቆ የሚያብጥ ታጋይም ብዙ ነው፤ ከጭንቅላት ጋር ሲፋተግ ደም ስለሚቋጥር ነው፤ ቶሎ ካልተቀዳ ጠጥሮ በዚያው ቅርጽ ይቀራል።

ምላሽ 15፦ ወደ ልምምዱ ያሻግረናል። ሁለቱ መሠረቶች ዳንድና ባይታክ ናቸው። ዳንድ ከተለመደው ፑሽ አፕ ይለያል፦ እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ መቀመጫ ወደ ላይ ይነሳል፤ ደረት ወደ ታች ወርዶ በሁለቱ እጆች መሃል መሬቱን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ያልፋል፤ ራስና ደረት ወደ ፊት ቀና ይላሉ፤ ከዚያ መቀመጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሳል። ባይታክ በእኛ ቁጭ ብድግ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ታች ሲወረድ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል፣ እጆች ከትንፋሽ ጋር ይወዛወዛሉ፣ ሳይቆም በምት ይቀጥላል። ነባር ታጋዮች በመቶዎችና በሺዎች ይሠሩታል። ጀማሪ ግን ዳንድ 20፣ ባይታክ 40 ቢሠራና በየሳምንቱ ጥቂት ቢጨምር ይሻለዋል ይላል ጸሐፊው፤ ጉልበት የሚበላሸው ቁጥሩን ለማሟላት ሲባል ከታች እየነጠረ የተነሳ ሰው ነው።

ምላሽ 16፦ ስለ ጋዳ ነው፤ በቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ክብ ድንጋይ። ዘንጉ ከፊት ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ በአንድ ትከሻ በኩል ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ከጀርባ በኩል ይወዛወዝና በሌላው ትከሻ ላይ ተመልሶ ፊት ለፊት ቀጥ ይላል። ክርን ወደ ጎን ከተከፈተ ክብደቱ ሁሉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ጀማሪ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አያንሳ ይላል። ሁለቱ ዱላዎች፣ ጆሪ፣ እና በአንገት የሚጠለቀው የድንጋይ ቀለበት፣ ጋር ናል፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ምላሽ 17፦ ስለ ታላቁ ጋማ ነው። በ1878 የተወለደው ይህ የህንድ ታጋይ በ1902 በባሮዳ 1,200 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ደረቱ ድረስ አንስቷል፣ በቀን 5,000 ባይታክና 3,000 ዳንድ ይሠራ ነበር፣ ግማሽ ኪሎ ቅቤም ይበላ ነበር ይላል። በዚያውም የቢማሴኒ የበላይነት ተረጋገጠ ብሎ የ3ኛውን ምላሽ ያነሳል።

ምላሽ 18፦ እንደ 4ኛው ስለታም ነው። በጂም ታሪክ ትልቁ የዴድሊፍት ክብደት 500 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሃፍቶር ብዮርንሰን በ2025 የሠራው 510 ኪሎ ነው። ያውም ከመሬት እስከ ጭን፣ ለእጅ በተመቸ ብረት። 1,200 ኪሎ ድንጋይ ደረት ድረስ ማንሳት የሰው አቅም አይደለም፤ ድንጋዩ በሙዚየም መቀመጡ ድንጋዩ መኖሩን እንጂ መነሳቱን አያረጋግጥም። ስለ ቅቤው ደግሞ ግማሽ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ ወደ 4,500 ካሎሪ ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ የማይሠራ ሰው ይህን ቢበላ የሚያተርፈው በሽታ ነው ይላል። የታጋዮቹ ምግብ ወተት፣ የተነጠረ ቅቤና ሌሊቱን ተነክሮ ተልጦ የተፈጨ አልሞንድ መሆኑን ግን አይክድም። ጋማን ለማክበር የሐሰት ቁጥር አያስፈልግም፤ እኔም በዚህ አምናለሁ፤ የተመዘገበው ብቻውን ይበቃል።

ምላሽ 19፦ የተመዘገበውን አቅርቧል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1910 በለንደን ጋማ ከፖላንዳዊው ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ጋር ተጋጠመ። ዝቢሽኮ አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተዘርግቶ እየተከላከለ ግጥሚያው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ፤ አሸናፊ አልተለየም። ሴፕቴምበር 17 ሊደገም ተቀጥሮ ዝቢሽኮ አልመጣም፤ ለአሸናፊው የተዘጋጀው የጆን ቡል ቀበቶ ለጋማ ተሰጠ። በ1928 ግን ሁለቱ በህንድ በፓቲያላ አፈር ላይ ሲገናኙ ጋማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው። የ19ኛው ጸሐፊ የሚለው፦ በአውሮፓ ስልት ሆድን መሬት ላይ ለጥፎ ማዝገም ይቻላል፤ በ1928 ግን ዝቢሽኮ ሳይተኛ ነው የተያዘው። ስለዚህ ጉዳዩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ተጋጣሚን ገና ቆሞ ሳለ የመያዝ ጉዳይ ነው። ከ2ኛው ምላሽ ጋር የሚገጥም ሐሳብ ነው።

ምላሽ 20፦ ከርዕስ ይወጣል። በአገራችን የባህል ስፖርት ውድድሮችም ትግል አለ፤ ከህንዱ ጋር ዝምድና ይኖረው ይሆን ይላል።

ምላሽ 21፦ ዝምድና ፍለጋውን ያቆመዋል፤ ሰው በሚኖርበት ሁሉ ትግል አለ፣ መመሳሰል መዋረስ አይደለም። ግን ኩሽቲን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ፣ በተለይ በባህረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖች፣ በዱባይ ዴይራ አካባቢ አርብ ማምሻውን ከሁለቱ ፑንጃቦች የመጡ የፓኪስታንና የህንድ ሠራተኞች ባዶ ሜዳ ላይ ሲታገሉ ለዓመታት ይታዩ እንደነበር ይጠቁማል። እዚያ የተዘጋጀ አፈር የለም፤ አሸዋ ነው። ሁለቱን ትከሻ መሬት ያስነካ ያሸንፋል፤ ገንዘቡ ከተመልካች ይሰበሰባል።

ምላሽ 22፦ እስካሁን አጣጣል ራሱ እንዳልተነሳ ታዝቦ ሁለት ስልት በዝርዝር አስቀምጧል። የመጀመሪያው ዶቢ ፓት፣ የልብስ አጣቢው ውርወራ ነው። የተጋጣሚን አንድ ክንድ በሁለት እጅ፣ አንዱን አንጓው ላይ ሌላውን ከክርኑ በላይ አድርገህ ወደ ራስህ ትስባለህ፤ ወደ ፊት ሲሳብ ጀርባህን ሰጥተህ ትዞራለህ፤ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን ከእሱ ዳሌ በታች ታስገባለህ፤ ክንዱን በትከሻህ ላይ አድርገህ ጉልበትህን እየዘረጋህ ወደ ፊት ትጎነበሳለህ። የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። በጀርባህና በደረቱ መሃል ክፍተት ካለ ወገብህን ያቅፍሃል፤ ጀርባህን ለራስህ ጠላት ሰጥተሃል ማለት ነው። ዳሌህ ከፍ ካለ ክብደቱን የምትሸከመው በወገብህ ነው። ክንዱን ከመውደቁ በፊት ከለቀቅከው ተገልብጦ በሆዱ ያርፋል፤ በሆድ መውደቅ ደግሞ ሽንፈት አይደለም፤ ቺት የሚባለው ሁለቱ ትከሻዎች አፈር ሲነኩ ነው።

ሁለተኛው ካላጃንግ ነው። አንዱን ክንዱን ከላይ አጥብቀህ ይዘህ፣ ራስህን በብብቱ ስር አሳልፈህ፣ ሌላ እጅህን በጭኖቹ መሃል አስገብተህ ትከሻህ ላይ ትጭነዋለህ፣ ወደ ጎን ትጥለዋለህ። እዚህ ራሱን ያቀረቀረ ሰው አንገቱ ይያዛል፤ ዓይን ቀና፣ ጀርባ ቀጥ ማለት አለበት። ክንዱ ከላላ ተጋጣሚው እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ክብደቱን ላይህ ላይ ይጥላል። የ22ኛው ጸሐፊ ለጠያቂው የሚያሳስበውም ይኸው ነው፦ ዶቢ ፓትን ቢማሴኒ ትለዋለህ ወይስ ሀኑማንቲ? ክንድ መሳቡ ብልሃት ነው፣ ጉልበት መዘርጋቱ ኃይል ነው፤ ተለይተው አይሠሩም።

ምላሽ 23፦ ስለ ምንጣፍ ነው። በዛሬው ዓለም አቀፍ ነጻ ትግል ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ነው፣ በመሃሉ 30 ሴኮንድ ዕረፍት፤ ከክቡ መውጣት ለተጋጣሚ ነጥብ ይሰጣል፤ በ10 ነጥብ ልዩነት የመራ ወዲያው ያሸንፋል። በአፈር ላይ በባህሉ ነጥብም ሰዓትም አልነበረም። አፈር ላይ ያደገው ታጋይ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ሦስት ነገር ያጣል፦ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እግሩ ላይ በፍጥነት ይገቡበታል፤ ትዕግሥቱ ነጥብ ያስበላዋል፤ አፈር ስለሌለ ላብ ያመልጠዋል። ሆኖም የሚቻል መሆኑን ካሻባ ጃዳቭ አሳይቷል፤ ከማሃራሽትራ መንደር ወጥቶ በ1948 ለንደን ስድስተኛ ሆነ፤ በ1952 ሄልሲንኪ በነጻ ትግል በባንታም ክብደት ነሐስ አገኘ፤ ለነጻይቱ ህንድ የመጀመሪያው የግል ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። በዚያው ግዛት በኮላፑር ንጉሥ ሻሁ ያሠሩት የካስባግ ስታዲየም እስከ ዛሬ የአፈር ጉድጓዱን መሃሉ ላይ ይዞ አለ። ይህ ምላሽ ማላካምብንም ያነሳል፤ ጉሎ ዘይት በተቀባ የእንጨት ምሰሶ ላይ በጭንና በክንድ ብቻ መውጣትና መዞር፤ ጉድጓድ የሌለው ሰው የመያዝ ጉልበት የሚያዳብርበት ነው።

ምላሽ 24፦ ጠያቂው ራሱ ተመልሶ መጣ። ስለ አራቱ ትምህርት ቤቶች ያለውን ትቶ የተጨበጠ ነገር ጠየቀ፦ አፈር የለኝም፣ አሠልጣኜም የነጻ ትግል ነው፤ ምን ላድርግ? በዚያው ልጥፍ ከላይ የተባለውን አሰባስቦ ዕቅዱን አስቀምጧል፤ ዕቅዱን ደህና ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጠዋት ዳንድና ባይታክ በ15ኛው ምላሽ ቁጥር፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጋዳ ከ4 ኪሎ ጀምሮ፤ ምንጣፍ ላይ ካላጃንግን ከአሠልጣኙ ጋር፣ መጀመሪያ ሳይወረውሩ መግቢያውን ብቻ ደጋግሞ፤ ዶቢ ፓትን ከዚያ በኋላ፣ ተጋጣሚው መውደቅ የሚችል መሆኑ ሲረጋገጥ። መገጣጠሚያ ሰበራውን ከዕቅዱ አውጥቶታል። ጉልበቱን እያየ ከወር በኋላ ባይታኩን እንደሚጨምርም ጽፏል።